ጋሼ ደምሰው ያስዘጉት የእማዬ ፍንጭት

ለምወድሽ እህቴ ለሚካል፤

እንደምን ከርመሻል ሚኩዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የሰው ፀጉር ስትሠሪ ውለሽ ማታ ማታ «ወገቤን» ትይን ነበር፤ አሁንም አለ? የዱባይ ሙቀትስ በረደላችሁ? አምሐስ ደህና ነው? ሽማግሌ ልኮ እሺ ከተባለ ወዲህ ኩራቱ ጨመረ ወይስ እንደ ድሮው ነው? ይኸው እኔ ሰላምታዬን ባጭሩ ቋጨሁት። አጎታችን ጋሼ ደምሰው ቢጽፉልሽ ኖሮ የሞተውንም የቆመውንም ዘመድ ጤንነት ሲያስታውቁሽ ወረቀቱ ያልቅ ነበር።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ታናሽ ወንድማችን ሚኪ እንደለመደው በኳስ ጫማ እየጨረሰ ነው። እኔም እየተማርኩ ነው፤ ሒሳብ ግን እስካሁን ሊተዋወቀኝ አልፈለገም። እማዬም ቆማ ትሄዳለች፣ ትሠራለች፣ ትበላለች። ስለ እሷ ግን «ደህና ናት» ብዬ ማለፍ ስላልቻልኩ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ለምን በስልክ አትነግሪኝም እንዳትይ። እዚህ ቤት ስልክ የሚወራው በስፒከር መሆኑን ታውቂያለሽ። አንቺ ገና «ሄሎ» ስትይ ጋሼ ደምሰው ሶፋው ላይ ይመቻቻሉ፣ የእድሩ ዳኛ አባባ ማናዬ ደግሞ ጆሯቸው ባይሰማም ወንበራቸውን ስበው ይጠጋሉ። እዚያ ላይ ሚስጥር ማውራት አራት ኪሎ ቆሞ በማይክ እንደ መናገር ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ጫልቱ ሐሙስ ስለምትበር ደብዳቤውን በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ሽሮው መሀል ነው ያስቀመጥኩት። በርበሬው ውስጥ አላደረግኩትም፤ ስታነቢው ብታለቅሺ ከምኑ እንደሆነ እንዲታወቅ ብዬ ነው።

እንግዲህ ነገሩ የጥርሱ ነገር ነው። አንቺ በቪዲዮ በደወልሽ ቁጥር «እማዬ፣ ነጠላውን ከአፍሽ ላይ አንሺው እስቲ፣ ልይሽ» ስትያት ኖረሽ፣ በመጨረሻ ለሠርጌ ጥርሷን ትሠራ ብለሽ ገንዘብ ላክሽ። እማዬ መጀመሪያ «በዚህ ዕድሜዬ!» አለች። ሌሊቱን ግን ያሰበችበት ይመስለኛል፤ ጠዋት ስነሳ መስታወት ፊት ቆማ ከንፈሯን በጣቷ ገልጣ ስታይ አገኘኋት። ያደገችበት የመቂ ውሃ ያጠቆረው ጥርስ በሳሙናም በከሰልም እንደማይለቅ አንቺም ታውቂያለሽ። በልጅነቷ አዲስ አበባ ስትመጣ የክፍሏ ልጆች «ቡና ጠጥታ አልተጉመጠመጠችም» እያሉ ይስቁባት እንደነበር ነግራናለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው ነጠላው አፏ ላይ የቀረው።

ቀጠሮው ሀይሌ ጋርመንት ካለው አንድ የጥርስ ክሊኒክ ተያዘ። እኔና እሷ ብቻ እንሄዳለን ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴ! እኛ ቤት ሐኪም ቤት ብቻውን የሚሄድ ሰው አለ እንዴ? «ሰው የላትም» ይባላል። ጋሼ ደምሰው ከብስራተ ገብርኤል ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ፣ አባባ ማናዬ ጃንጥላቸውን ይዘው ተነሡ፣ ሚኪንም የሚጠብቀው የለም ተብሎ ተጨመረ። አንዲት ቪትዝ ውስጥ አምስታችን ከነሾፌሩ ስድስት ሆንን። ክሊኒኩ ስንደርስ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ «ታካሚዋ የትኛዋ ናት?» ብትል አባባ ማናዬ «አዎ የኔ ልጅ፣ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን» ብለው መረቋት።

ሐኪሟ ዶክተር ራኬብ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ትዕግሥቷ ግን የመነኩሴ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች አጅበዋት ካልገቡ ሞተው እንደሚገኙ ሲገባት ሁለት ወንበር አስመጣችላቸው። እኔ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። ዶክተሯም ጥርሱን አልነቅልም፣ አልቆርጥም፣ ላዩን ትንሽ አሻክሬ የጥርስ ቀለም ያለው ለስላሳ ነገር እለጥፍበትና በሰማያዊ መብራት አደርቀዋለሁ፣ ከዚያ እየሞረድኩ ቅርጽ አስይዘዋለሁ፣ ስሙም ቦንዲንግ ይባላል ብላ በደንብ አስረዳች። ጋሼ ደምሰው ሠላሳ ዓመት የግንባታ ፎርማን ሆነው የኖሩ ሰው አይደሉ? እጃቸውን አጣምረው ሰሙና «ገባኝ፣ ልስን ነው» አሉ። ዶክተሯ ሳቀች፤ «ብዙም አልተሳሳቱም» አለቻቸው። ያ ነገር ነው ጉድ የሠራን፤ ከዚያ ወዲያ ሥራውን የሚቆጣጠሩት እሳቸው ሆኑ።

መጀመሪያ ቀለም መረጡ። ዶክተሯ በተርታ የተደረደሩ ትንንሽ ጥርሶች አምጥታ ከእማዬ ፊት ጋር ስታስተያይ ጋሼ ተነሥተው ከሁሉም የነጣውን መዘዙና «ይሄ ነው! ቀለም አትቆጥቢብን!» አሏት። «እሱ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይመስልባቸዋል» አለች። አባባ ማናዬ የተባለውን ባይሰሙም «በቅሎም የምትታየው በጥርሷ ነው» ብለው ፍርዳቸውን ሰጡ። እማዬ ያን ቀን በጣም ሳቀች ሚኩዬ። ነጠላዋን ሳታነሣ፣ አፏን ሳትሸፍን ሳቀች። በመጨረሻ ዶክተሯ አሸንፋ ፊቷን የሚመስል ቀለም ተመረጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቀስ ብዬ ልንገርሽ። የእማዬ ከንፈር እንዳይዘጋ በላስቲክ ተወጠረ፣ ጉንጮቿ ውስጥ ጥጥ ገባ፣ ምራቅ የሚመጠው ቱቦ ተንጠለጠለ። ዶክተሯ ሁለቱን የፊት ጥርሶች ስትጀምር ቆም አለችና «እዚህ መሀል ያለውን ክፍተት አብሬ ልዝጋው ወይስ ይቆይ?» ብላ ጠየቀች። እማዬን ነበር የጠየቀችው። እማዬ በምን አፏ ትመልስ? ጣቷን ብቻ አነሣች። ይሄኔ ጋሼ ደምሰው ልክ ሽማግሌ ሆነው ሰው ቤት እንደገቡ ኮታቸውን ቆልፈው ብድግ አሉ። «እኛ ወክለናታል። ታላቅ ወንድሟ ነኝ። ይዘጋ። ክፍት ሥራ ትቶ መሄድ ነውር ነው» አሉ። አባባ ማናዬም «ቀዳዳ ቤት ነፋስ እንጂ በረከት አይገባውም» ብለው አጸደቁላቸው።

እኔ «ጋሼ፣ እማዬ እኮ ፍንጭቷን ትወደዋለች» አልኩ። በእውነት አልኩ ሚኩዬ፤ ድምፄም አልቀነሰም። ጋሼ ዞር ብለው «አንቺ ልጅ! ትልቅ ሰው በቆመበት ነው የምትናገሪው?» አሉኝ። በሩን መልሼ ተደገፍኩ።

እማዬ እጇን አወዛወዘች። ጋሼ የፈራች መስሏቸው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና «አይዞሽ ብሬ፣ አያምም፣ እኔ አለሁልሽ» አሏት። አባባ ማናዬ ደግሞ ፈርታለች ሲባል አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። ዶክተሯ መሣሪያዋን እንደያዘች ጠበቀች፤ እሷ ላይ አልፈርድም፣ ጠብቃለች። «እማማ፣ ልቀጥል?» አለቻት። እማዬ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጋሼን አየች፤ እጇን አጥብቀው ይዘው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፣ በጭንቅላቷም እሺ አለች። ሰማያዊው መብራት በራ።

ሲያልቅ መስታወት ተሰጣት። ጥርሷ ያምራል ሚኩዬ፣ አልዋሽሽም፤ ጠቃጠቆ የለ፣ ቡኒ የለ፣ ቀጥ ብሎ የተደረደረ ነው። ረጅም ጊዜ አየችው። ምላሷን በፊት ጥርሶቿ ላይ ስታዘዋውር ከንፈሯ ላይ ይታየኝ ነበር፤ የምትፈልገውን ግን አላገኘችም። መስታወቱን መልሳ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ጋሼ አጨበጨቡ። ሚኪ «እማዬ የማስታወቂያ ሰው መሰልሽ» አላት፤ እሷም ጭንቅላቱን ደባበሰችው።

ያቺን ፍንጭት አባዬ ምን ያህል ይወዳት እንደነበር ከእኔ ይበልጥ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ትዝ የሚለኝ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ሆኖ «ፍንጭቴ!» ብሎ ሲጠራት ነው። ነፍሱን ይማረውና ከዓለም ሁሉ እሱ ፊት ብቻ ነበር አፏን የማትሸፍነው። አፏ ውስጥ ያፈረችበትም የኮራችበትም ጎን ለጎን ነበሩ። የኛ ሽማግሌዎች ያፈረችበትን ሊያነሡላት ሄደው የኮራችበትንም አብረው ወሰዱባት። ቡኒው በመሄዱ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አሁን እሱም ደስ አላላትም።

አሁን ነጠላዋን አፏ ላይ አታደርግም፤ ሰው አይቶ «እሰይ» ይላል። ግን ለመሸፈንም ምክንያት የላትም፣ አፏን አትከፍትማ። የእድር ሴቶች እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት ሙዝና ጭማቂ ይዘው መጡ፤ «እስቲ ሳቂልን» ሲሏት ከንፈሯን ትንሽ ገለጥ አድርጋ ትመልሰዋለች፣ ልክ ሱቅ እንደሚዘጋ ሰው። አንቺ ስትደውይ ካሜራውን የማታበራው ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። ጋሼ «ስትመጪ በአካል ታያታለሽ፣ ሰርፕራይዝ ነው!» ሲሉሽ እሷ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች።

እኔ ዝም ብዬ የተቀመጥኩ እንዳይመስልሽ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ክሊኒኩ ወጣሁና ፍንጭቷ ይመለስ እንደሆነ ዶክተር ራኬብን ጠየቅኳት። ጥርሱን ስላልቆረጥኩት ቀላል ነው፣ መሀል ላይ የጨመርኩትን ሞርጄ ክፍተቱን እመልሰዋለሁ፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል አለችኝ። «ግን እናትሽ ራሷ መጥታ ትንገረኝ፤ ሁለተኛ በሰው ቃል አልሠራም» አለች። ከክሊኒኩ ደረጃ በሩጫ ነው የወረድኩት። ቤት ገብቼ ስነግራት እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠች። ፊቷ ፈካ ሲል አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያው ጠፋ። «ወንድሜን በሰው ፊት ላዋርደው? አባታችሁ ሲሞት እናንተን የያዘ ሰው ነው። ሚካልን ቆሞ የሚድራት እሱ ነው። አበላሸህብኝ ልበለው?» አለችኝና ቢላዋውን አነሣች። በሽንኩርቱ ነው የምታለቅሰው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ጋሼ ደግሞ የሚያሳዝነው ክፉ ሰው አለመሆናቸው ነው። ክፉ ቢሆኑ እንዴት ይቀለኝ ነበር! ከተማውን እየዞሩ «የእህቴን ጥርስ አሠራሁት» ይላሉ። የላክሽው አንቺ መሆንሽን ረስተውት ነው፤ ክብሩ ግን ጥሟቸዋል። በዘዴ ልይዛቸው ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ፍንጭት ያለው ሰው ሀብታም ይሆናል ይባላል እኮ» አልኳቸው። «ሃምሳ ዓመት ክፍት ሆኖ ኖረ፣ ምን ገባበት?» አሉኝ። የራሳቸውን የመቂ ጥርስ ለምን እንደማያሠሩም ጠየቅኳቸው። «ወንድ ልጅ ሲናገር ነው የሚደመጠው፣ ሲስቅ ማን ያየዋል» አሉ፤ ከዚያም ስቀው አሳዩኝ። አባባ ማናዬን አማላጅ ላድርግ ብዬ በጆሯቸው ጮኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። በጥሞና ከሰሙኝ በኋላ «አንቺም በጊዜሽ ትዳሪያለሽ፣ አትቸኩይ» አሉኝ።

የመጨረሻው ዘዴዬ ጥሩ ነበር። ዶክተሯ ለምርመራ ተመልሳ ትምጣ ብላለች ብዬ እማዬን ብቻዋን ላደርሳት አሰብኩ። ጠዋት ስንወጣ በሩ ላይ ቪትዟ ቆማለች፤ ጋሼ ከፊት፣ አባባ ማናዬ ከኋላ ተቀምጠው «ቶሎ በሉ፣ ረፈደ!» ይሉናል። ሚኪ ነው የነገራቸው፤ እሱም ምን ያድርግ፣ እኛ ቤት ሐኪም ቤት መሄድ ድግስ ነው።

እንደገና ሁለት ወንበር መጣ። ዶክተር ራኬብ ሁኔታው ስለገባት እማዬን ከወንበሩ ቀና አድርጋ፣ አፏ ውስጥ ምንም ሳታስገባ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና «እማማ፣ የማይመችዎት ነገር አለ? እንዲስተካከል የሚፈልጉት ካለ አሁን ይንገሩኝ» አለቻት። እንዲህ ያለ ዕድል ከየት ይመጣል? ጋሼ በኩራት ፈገግ ብለው እህታቸውን ያዩዋታል። እማዬ ዶክተሯን አየቻት፣ እሳቸውን አየቻቸው፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን የነጠላዋን ጥለት በጣቷ አስተካከለች። «ምንም የለም» አለች። «ሁሉም ጥሩ ነው።»

ጋሼ ተነሡ። አሁን የሚመጣው አንቺን የሚመለከት ስለሆነ ልብ ብለሽ አንብቢው። «ታላቋ ልጃችን በታኅሣሥ ትመጣለች፣ የጥር ሙሽራ ናት። እሷም እንደ እናቷ መሀሉ ክፍት ነው። ከወዲሁ ቀጠሮ ያዢልን፣ ለሠርጉ ይዘጋ» አሏት። ዶክተሯ መልስ ሳትሰጥ እማዬ «የሚካልን ተወው ጋሼ» አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር፣ ግን አለች። ለራሷ ያልወጣት ቃል ለአንቺ ወጣ። ጋሼ ሳቁ፤ «ሙሽራ እኮ ናት ብሬ! ፎቶ አለ፣ ቪዲዮ አለ፣ የወንድ ወገን አለ! ልጅቷን እንጠይቃት ልትይኝ ነው እንዴ እኛ እያለን?» አሉና ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ዶክተሯ «ልጅቷ ራሷ ትምጣ» ብላ አለፈችው። ጋሼ ግን ቀጠሮ የተያዘ ያህል ቆጥረውት ለአምሐ ቤተሰብ ሳይቀር ነግረዋል።

እንግዲህ እኔ የምችለው እዚህ ላይ አለቀ ሚኩዬ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስናገር «አንቺ ልጅ» እባላለሁ፣ ስቀልድ ይሳቅልኛል፣ የምሬን ስናገርም ይሳቅልኛል። አንቺ ግን ስትናገሪ ስፒከሩን ያጎሉታል። በሚቀጥለው ስትደውይ ሁሉም ተሰብስበው እያሉ ስለ ጥርስሽ ንገሪያቸው፤ የኔን አልዘጋም በይ። ከቻልሽ ደግሞ የእማዬንም ፍንጭት ለሠርጌ እፈልገዋለሁ በይ። እሷ ለመነች እንዳይባል፣ ጋሼም ተሳሳቱ እንዳይባል፣ የሙሽራ አምሮት ነው ይባልና ይታለፋል። ይህም ላይሳካ ይችላል፤ ጋሼ የሙሽራንም አምሮት በውክልና ሊወስኑ ይችላሉ። አንቺም ካቃተሽ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ቢያንስ ቦሌ ላይ ስታዪያት አትደንግጪ። እየሳቅሽ ውጪ።

ሰላምታ ላድርስልሽ። ሚኪ ሰላም ብሎሻል፣ የኳስ ጫማውን ቁጥር ደግሞ በጆሮዬ ሦስት ጊዜ ነግሮኛል፣ አርባ ነው። አባባ ማናዬ ለማን እንደምጽፍ በትክክል ባይገባቸውም መርቀውሻል። ጋሼ ደምሰው «አባትሽ ነኝ፣ ምንም አታስቢ፣ ሁሉንም ይዘነዋል በያት» ብለዋል። ጫልቱን ስታገኚያት ሻይ አጠጪልኝ፣ ሻንጣዋ ከብዷት ሽሮውን አልተወችም። አምሐንም ሰላም በይልኝ።

እማዬ ደብዳቤ እንደምጽፍ ታውቃለች፣ ምን እንደምጽፍ ግን አታውቅም። አሁን አጠገቤ መጥታ ቆማለች፤ ወረቀቱን በክንዴ ሸፍኜዋለሁ። «ጥርሴ አምሮልኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል፣ አመሰግናለሁ ብለሽ ጻፊላት» አለችኝ።

እንዳለችኝ ጽፌዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ ሄርሜላ
ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ሀይሌ ጋርመንት
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.